ኪኑዮ ሳህን ያነባበረችበት ቀን

ኪኑዮ በጃፓን፣ በኒጋታ ጠረፍ ባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። አራት መቶ ልጅ በልቶ ሲነሳ አራት መቶ የብረት ሳህን ይመጣል። እሷ እየጠረገች፣ እያነባበረች፣ እያጠበች ደወል ሳይደወል ትጨርሰው ነበር። ኃላፊ ከሆነች በኋላማ የሚጎተት ሰው ማየት አትወድም። አንድ ጊዜ የሾርባ ድስት የደፋች ሠራተኛ ሰበብ ስትደረድር ሰምታ፣ በሁሉም ፊት አቁማ ጥፋቷን አናዝዛታለች። ጥፋት ከተነገረ ያልቃል ብላ ታምን ነበር።

ባሏ ታሜኦ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሽርሽረኛ ጭኖ ካናዛዋ ከተማ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሷል፤ ከመኪና ማቆሚያው አልፎ ግን አያውቅም። ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ አሁንስ እኔም እንደ ሰው ገብቼ ልብላ አለና፣ በካናዛዋ የድሮ ሻይ ቤቶች ሰፈር ካለ አንድ የቆየ ምግብ ቤት ሁለት ወር ቀድሞ ቦታ አስያዘ።

የኅዳር ዝናብ ያካፋል። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ኪኑዮ አዲሱን ካልሲዋን ደጋግማ አየችው።

«ግቢ እንጂ ሴትዮ» አላት ታሜኦ። «ካልሲሽን አይበሉት።»

ያስተናገደቻቸው ሴት ሂሳኤ ትባላለች። ዕድሜዋ ከኪኑዮ እኩል ቢሆን ነው። አመድማ ኪሞኖ ለብሳ፣ በገባች ቁጥር በሩ ላይ ተንበርክካ እጅ ትነሳለች፤ በተነሳች ቁጥር ጉልበቷ ቀጭ ይላል። ኪኑዮ ያንን ድምፅ ከራሷ ጉልበት ታውቀዋለች። ሁለተኛው ሳህን ላይ ሲደርሱ ምግቡን ትታ የሂሳኤን ጉልበት ማዳመጥ ጀመረች።

ሾርባው የቀረበው ክዳን ባለው ጥቁር የእንጨት ጎድጓዳ ሳህን ነው። የዛፍ ሙጫ ደጋግመው ቀብተውት ፊት ያሳያል፤ ክዳኑ ላይ በወርቅ ዱቄት የተሣለ ቄጠማ አለበት። ሂሳኤ የቤቱ እመቤት አያት ሲዳሩ ይዘውት የመጡት መሆኑን በትሕትና ነገረቻቸው። ታሜኦ ክዳኑን ከፍቶ እንፋሎቱን ሲስብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኪኑዮ በትዳር ዘመኗ እንዲህ ደስ ብሎት ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው።

ጠጥተው እንደጨረሱ ሂሳኤ ቀጣዩን ልታመጣ ወጣች። ኪኑዮ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አቃታት። ያቺ ሴትዮ ተመልሳ ተንበርክካ አንድ በአንድ ልትለቅም ነው፤ ምናለ ባግዛት? ሳታስበው እጇ ሥራውን ጀመረ። ክዳኖቹን ገለበጠች፣ አንዱን ሳህን በሌላው ውስጥ ከተተች፣ ኮምጣጣው አትክልት የቀረበባቸውን ሁለት የሸክላ ሳህኖችም ከላይ አነባበረች። እንዳይንቀሳቀሱም ጫን አድርጋ አዞረቻቸው። ከዚያ በር አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች። እንዲያውም ኮራ ብላ ነበር።

ሂሳኤ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተች። ዓይኗ ክምሩ ላይ ሲያርፍ፣ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቀጥ አለች።

«ድካም አበዛሁብዎ» አለቻት።

ከዚያ ክምሩን በሁለት እጇ፣ የተኛ ሕፃን የምታነሳ ይመስል፣ አንድ በአንድ ነጣጠለችው። የሸክላው ሳህን መቀመጫ ጠርዝ የሚያለሰልሰው ቅብ አልነካውም፤ እንደ አሸዋ ሻካራ ነው። በጥቁሩ ሳህን ሆድ ላይ ነጭ ክብ ጭረት ቀርቷል። ኪኑዮ አየችው። ሂሳኤም እንዳየች አየች። ሂሳኤ ግን ፈገግታዋን እንደያዘች ተሸክማው ወጣች።

ኪኑዮ እጇን ጉያዋ ውስጥ ደበቀች። የብረት ሳህን እንደማይጫር፣ ይሄኛው እንደሚጫር፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳህን ይዣለሁ የምትል ሴት!

«ምን ሆነሻል?» አላት ታሜኦ።

«ምንም።»

ዳክዬ ቀረበ፤ ካናዛዋ የምትታወቅበት ምግብ ነው። ኪኑዮ ላንቃዋ ላይ እንደ ወረቀት ሆነባት። ይሄኔ ከወረቀት ግድግዳው ማዶ ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። እመቤቲቱ ስለ ሳህኑ እየጠየቀች ነው። ሂሳኤ መለሰች፦

«የኔ እጅ ነው። ስቸኩል ሸክላውን ላዩ ላይ አስቀመጥኩት።»

ታሜኦም ሰማ። ሚስቱን አየ፤ ዓይኗን ሰበረች። ቀስ ብሎ፣ ሰዎቹ ይህን ያደረጉት እኛ እንዳናፍር ነው፣ እንደሰጡሽ ተቀበይ አላት። የመጨረሻው ፍራፍሬ እስኪነሳ ድረስ አንገቷን ደፍታ በላች።

ሲወጡ እመቤቲቱና ሂሳኤ ደጅ ድረስ ሸኟቸው። እንግዳ ከዓይን እስኪጠፋ ጎንበስ ብሎ መቆም የቤቱ ወግ ነው፤ እንግዳውም ከመታጠፊያው ሲደርስ ዞር ብሎ እጅ ይነሳል። ኪኑዮ መታጠፊያው ላይ ዞር አለች። ሁለቱ ሴቶች ካፊያው ጀርባቸው ላይ እየወረደ አጎንብሰዋል። የሂሳኤ ጉልበት ታያት። ታሜኦ ክንዷን ይዞ ሳያስቀራት ተመለሰች።

«ሳህኑን የጫርኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ወገቧን አጥፋ። «እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ ያነባበርኩት።»

እንዲህ ስትል ነገሩ የሚያልቅ መስሏት ነበር። ግን ቀና ስትል ያየችው የሂሳኤን ፊት ነው፤ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ከእመቤቷ ጎን ውሸቷ አደባባይ ወጥቶ ቆማለች። እመቤቲቱ ድምፅዋ ሳይለወጥ ተናገረች፦

«አውቄ ነበር። ሂሳኤ እኛ ቤት ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷ እንዲህ አታደርግም። እንግዳን ያሳፈርን እኛ ነን፤ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ይህን ተናግራ ዝቅ ብላ አጎነበሰች። ሂሳኤ ከእሷም በታች ዝቅ አለች። ኪኑዮ ደንግጣ ሁለቱን ልትበልጥ አጎነበሰች። ሦስት ሴቶች ዝናብ ላይ አቀርቅረው ቀሩ፤ ማንኛቸውም ቀድማ ቀና ማለት አልቻለችም። ሁለቱ ሴቶች ተማምነው፣ እውነቱን በቃል ሳያወጡ የሸፈኑትን ኪኑዮ ገለጠችባቸው። ኪኑዮ ድስት የደፋችው ሠራተኛ ያን ቀን ከንፈሯ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ትዝ አላት።

መጨረሻ ላይ ታሜኦ መጣና ጃንጥላውን ከላያቸው ዘረጋ። ባቡር እንዳለባቸው ተናግሮ ሚስቱን በክንዷ ይዞ ወሰዳት።

መታጠፊያው ላይ ኪኑዮ መዞር አቃታት። ሴቶቹ አሁንም አጎንብሰው እንደሚጠብቁ ታውቃለች፤ አንገቷ ግን እምቢ አለ። ታሜኦ ለሁለታቸውም ብሎ ዞረና እጅ ነሳ።

«ለሷ ብዬ ነበር» አለች ኪኑዮ፣ መንገዱን እያየች።

«አውቃለሁ።»

ጥቂት እንደሄዱ ቆመች።

«አይደለም፣ ታሜኦ። ለሷ አልነበረም። እኔን እንዲቀለኝ ነው።»

ታሜኦ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበለው፤ የራሱ ትከሻ ዝናብ እየጠጣ ወደ ጣቢያው ሄዱ።