መሃል ላይ የጠፋው ድምፅ

መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት ሆም ቴአትር ገዛሁ። የሰማ ሁሉ ሳቀብኝ። እህል በረንዳ ባዶ ጆንያ የሚሸጥ ሰው፣ ያውም «ፊልም ዕድሜ ይበላል» እያለ ልጆቹን ሲቆጣ የኖረ፣ ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ ሳሎኑን ስፒከር በስፒከር ሊያደርገው ነው ተባለ። አልተቆጣሁም። እኔ በሌላ ሰው ላይ ባየው ኖሮ እስቅ ነበር።

የገዛሁት ለባለቤቴ ነው። ጆሮዋ መድከም ከጀመረ ቆይቷል። የአማርኛ ፊልም ስታይ በየመሃሉ «ምን አለ?» ትላለች፤ እኔ ስነግራት የሚቀጥለው ያመልጣታል። ይበልጥ የሚያሳስባት ግን እድሩ ነበር። የሰፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት። ሴቶቹ በአዳራሹ ግድግዳ ዙሪያ አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ሁሉም ከያለበት ይናገራል፤ እሷ አንዷን ስትሰማ ሌላዋን ትስታለች። አንድ ቀን ስለ ድንኳኑ ተጠይቃ ስለ ወንበሮቹ ስትመልስ አንዳንዶቹ በነጠላቸው ጫፍ ተሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢነቱን ልልቀቅ ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ መፍትሔው ድምፅ መጨመር ነው ብዬ ቆረጥኩ። አልገባ ያለ ምስማር መዶሻ ይጨመርበታል፤ ያኔ የታየኝ ይኸው ነበር።

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ፈጣን ጎረምሳ ነው። ከዓረብ አገር የመጣ ያገለገለ አምፕሊፋየር፣ በአጭሩ አምፕ የሚሉትን ድምፅ ማጉያ፣ አራት ስፒከርና አንድ ትልቅ ቤዝ አወጣልኝ። መርካቶ ዕቃ ሳይሞከር አይገዛም፤ ከወጣም አይመለስም። የዚያን ሰሞን ሁሉም ሰው የሚያንጎራጉረውን ዘፈን ከፍቶ ለቀቀው። የሱቁ የቆርቆሮ በር ተንቀጠቀጠ። በመተላለፊያው የሚያልፍ ወዛደር ካርቶኑን እንደተሸከመ ቆሞ በእግሩ ምቱን መታ፤ የጎረቤት ሱቅ ሴቶች ግጥሙን ከነአዝማቹ ተቀባበሉት። እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴ ውስጥ ሲደልቅ እኔም ደስ አለኝ።

ከአምፑ ጀርባ ምንም ያልታሰረበት የሽቦ ቦታ አየሁና የምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የመሃሉ ስፒከር ነው፣ ፋዘር። እሱ ለጌጥ ነው፤ አራቱ ይበቃዎታል።»

ጌጥ ስለማልወድ ደስ እያለኝ ተቀበልኩት።

ቤት ወስጄ ከዲቪዲ ማጫወቻው ጋር በተለመደው ቀይና ነጭ ገመድ አገናኘሁት። ባለቤቴን ከፊት ለፊት አስቀምጬ ፊልም ከፈትኩላት። ገና ግማሽ ሳይደርስ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

«ዝናቡን እሰማለሁ» አለች። «ሙዚቃውን እሰማለሁ፤ የመንገዱ ግርግር እንኳን ቤቴ የገባ ነው የመሰለኝ። ሰው ብቻ ነው የማልሰማው።»

እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ጥግ ላይ ነበርኩ። ለእኔም የተዋናዮቹ ንግግር ከሩቅ እንደሚመጣ ሹክሹክታ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ አገር ፊልም ድምፁ ድሮም ደካማ ነው ብዬ አለፍኩት። እሷ እንዲህ አላለፈችውም። ሌላው ሁሉ እየተሰማ ሰው ብቻ ከጠፋ፣ የጆሮዋ ነገር አበቃለት ማለት ነው ብላ ደመደመች። እሑድ ስብሰባ አለ፤ ሰብሳቢነቱን በዚያው ቀን አስረክባለሁ አለችኝ። ቁርጥ ያለ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። ችግሩን ስነግረው ጥፋቱን በገመዱ ላይ ጣለ። ዕቃው ዲጂታል ስለሆነ በዲጂታል ገመድ መያያዝ አለበት አለኝ። ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው አፉ ብርቱካንማ የሆነ ነጠላ የመዳብ ገመድ ነው፤ ኮአክሲያል ይሉታል። ሁለተኛው ኦፕቲካል ነው፤ ድምፁን በብርሃን ያሻግራል አለኝ። ብርሃን በገመድ ውስጥ ሲሄድ ሰምቼ ስለማላውቅ ልቤ ወደዚያ ሄደ። ጎረምሳው ይህን ሲያይ ጫፉ ወርቅ የተቀባውን አወጣ።

«ለብርሃን ወርቅ ምን ያደርግለታል?» አልኩት።

«ለውበት ነው፣ ፋዘር። እርስዎ ግን ከባድ ሰው ነዎት» ብሎ ሳቀ። እኔም ወርቅ የሌለውን ወሰድኩ። የማይሠራበት ቦታ ላይ የተቀባ ወርቅ ሰውም ላይ አይቼዋለሁ፤ አልወደውም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከጎረቤት ልጅ ደብተር ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ለቀምኩት፤ ከየት አገር እንደመጣ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ «አይሸጥም» የሚለውን ጭምር። ስለዚህ ያልገባኝን ነገር ነካክቼ ካልሆነ አላውቀውም። ቅዳሜ የእኛ ሰፈር የመብራት ተራ ስለነበር ከጠዋት ጀምሬ ከዕቃው ፊት ተቀመጥኩ።

አዲሱ ገመድ አልገባ አለ። በቤቴ ሕግ የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይወልቅም፤ ሪሞቱ እንኳን እስከ ዛሬ በላስቲኩ ውስጥ ነው። የገመዱም ጫፍ ላይ ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ ቆብ ነበረች፤ እሷን ሳላወልቅ እገፋለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ገመዱን ከእጄ ወስዳ ቆቡን በጥርሷ ነቅላ ሰጠችኝ። አንዱን ጫፍ ማጫወቻው ላይ ሰካሁ፤ ሌላውን መዳፌ ላይ ይዤ አየሁት። ቀይ ነጥብ፣ የእሳት ፍንጣሪ የምታህል፣ ግን የማታቃጥል። ሰው የሚናገረው በዚህች ውስጥ ያልፋል ብሎ ማመን ቸገረኝ። ባለቤቴም መዳፏን ዘርግታ ነጥቧን ተቀበለችና ፈገግ አለች።

ሌላውን ጫፍ አምፑ ላይ ስሰካው ግን ድምፅ ጭራሽ ጠፋ። የማጫወቻውን ሴቲንግ ስከፍት፣ ቀይዋ ነጥብ ብትበራም የዲጂታሉ ድምፅ መውጫ ተዘግቶ አገኘሁት። ሁለት ሌሎች ምርጫዎች ነበሩ፤ አንዱ ፒሲኤም፣ ሌላው ሮው ይላል። ከማጫወቻው ጋር በመጣ የፈረንጅ ፊልም ሁለቱንም እየለዋወጥኩ ሞከርኩ። በፒሲኤም ማጫወቻው ጆንያውን ራሱ ፈትቶ በሁለት ቁና እየሰፈረ ያቀብላል። በሮው ግን አፉ እንደተሰፋ ይልከዋል፤ የሚፈታውም የሚያከፋፍለውም አምፑ ነው። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝ ደስታ የልጅ ደስታ ነበር። የኋላዎቹ ስፒከሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ድምፅ አወጡ። ሰዎቹ ግን አሁንም ይንሾካሾካሉ።

ገመዱን ተጠራጥሬ ጫፉን በትንሹ ላላ አደረግኩት። ድምፁ ጨርሶ ተቋረጠ። መልሼ ስገፋው ሙሉውን መጣ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ወይ ሁሉም ይመጣል፣ ወይ ምንም አይመጣም። ዝናቡን አምጥቶ ሰውን መንገድ ላይ የሚጥል ገመድ የለም ማለት ነው። ወርቅ የተቀባውን ብገዛ ኖሮም ለውጥ አይኖርም ነበር። ገመዱን በከንቱ ጠርጥሬው ነበር።

ያኔ ሪሞቱ ላይ «ቴስት» የሚል ቁልፍ በላስቲኩ በኩል አየሁና ተጫንኩት። ከግራው ስፒከር የዘይት ጥብስ የሚመስል የሽሽሽ ድምፅ ተሰማ። ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከቀኙ ተሰማ፤ ከዚያ ከኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ከኋላ ግራ፤ እንደገናም ከፊት ጀመረ። ባለቤቴ ሽንኩርት ልትከትፍ ወደ ጓዳ እየሄደች ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«አንዱን ዘለለው» አለች።

«የቱን?»

«በግራውና በቀኙ መካከል። ዝም ይላል።»

ጆሮሽ ነው ልላት ነበር፤ ግን ለእኔም አልተሰማኝም። ድምፁ ሲዞር ሲዞር ጽሑፍ የሚበራበትን የአምፑን መስኮት አየሁ። ዝም በሚልበት ሰዓት እዚያ ላይ አንድ ቃል ይበራል፤ ሴንተር ይላል። መርካቶ ውስጥ በየአዲሱ ሕንፃ ግንባር ላይ የማነበው ቃል ስለሆነ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። አምፑ የመሃል ስፒከር አለ ብሎ ያምናል። የተዋናዮቹን ንግግር መርጦ ወደ መሃል ይልካል፤ መሃል ላይ ግን ማንም የለም። ሻጩ «ለጌጥ ነው» ያለኝ ለካ ሰው የሚናገርበትን ስፒከር ነበር።

ሱቁ ውስጥ ያንን እንዴት እንዳላወቅን ወዲያው ገባኝ። በዘፈን ነበራ የሞከርነው። የዘፋኙ ድምፅ እዚያም ጠፍቶ ነበር፤ ግጥሙን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው እየዘፈኑ ሞሉለት። እኛ መርካቶዎች ዕቃን በጩኸት እንፈትናለን። ሰውንም እንዲሁ እንመርጣለን፤ የሚደልቀውን አይተን፣ የሚናገረውን ሳናዳምጥ።

የአምፑ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «የመሃሉ ስፒከር የለም» አልኩት። ያንኑ የአማርኛ ፊልም ከፈትኩ። አንዲት ተዋናይት ባሏን «ቁልፉን የት ጣልከው?» ስትለው ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች ጥርት ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ቢላዋውን እንደያዘች ተቀመጠች። «ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው እኮ፣ ይኼ ደደብ» ብላ ሰውዬውን ሰደበችው፤ ከዚያ እኔን አይታ ሳቀች።

እዚህ ላይ ብዘጋው ታሪኩ ያምር ነበር። ግን ልጆቼ ይህን ሲያነቡ አባታችን አሳመረው እንዲሉ አልፈልግም። ፊልሙ ሲያልቅ ከኋላዋ ሄጄ እንደወትሮው ድምፄ ጠራኋት። አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት፤ አልዞረችም። ደስታዋን ላለማበላሸት ዝም ልል ፈለግኩ፤ ግን በውሸት ተደግፋ እሑድ ሴቶቹ ፊት ብትቀመጥ የምትወድቀው እሷ ናት። ዞሬ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ከኋላና ከጎን አይመጣልኝም። አሁን ስትነግረኝ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።» ከዚያ ስፒከር ሊቀመጥበት የሚገባውን ባዶ ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን፣ አተኩራ አየችው።

እሑድ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት። አላስረከበችም። ለሴቶቹ ጆሮዋ መድከሙን ራሷ ነግራቸው፣ ከእንግዲህ መናገር የምትፈልግ ተነስታ መሃል ወጥታ ወደ እሷ ዞራ ትናገር ብላለች። አንዷ ተነስታ «እትዬ፣ እድሩን ችሎት አደረጉት» ብላ ቀልዳባታለች። ሁለት ሴቶች መሃል መውጣት አፍረው ያሰቡትን ሳይናገሩ ቀሩ፤ ይህ ቆርቁሯታል። የቀሩት ግን አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ማቋረጥ ስላልቻለች ስብሰባው ከወትሮው ቶሎ አለቀ።

የመሃሉን ስፒከር እስከ ዛሬ አልገዛሁም። ከጓዳም ከመኝታ ቤትም ሆኜ ማዘዝ ግን ቀርቶብኛል። የምፈልገውን ለመናገር ሳሎን ድረስ ሄጄ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ መሃል ላይ፣ እቆማለሁ። እዚያ እስክደርስ ግማሹ ትዕዛዜ ለመናገር የማይበቃ ሆኖ ይገኛል። የቀረውን እናገራለሁ፤ እሷም ዓይን ዓይኔን እያየች እስከ መጨረሻው ትሰማኛለች።

«ሰማሁ» ትለኛለች። «አሁን ዘወር በል፤ ፊልሙን ጋረድከኝ።»