አልከፋኝም የተባለው አውሬ

ባለቤቴ እሱባለው ስድስት አውሬ አለው። ላምና በግ አላልኩም፤ አውሬ ነው ያልኩት። የሚኖሩት በስልኩ ውስጥ ነው። አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ መብረቅ ያወርዳል፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጌሙ እንዲህ ነው፤ በየጫካውና በየዋሻው እየዞሩ አውሬ ይይዛሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ከዚያ ስድስት መርጠው ቡድን ይሠሩና ከሌላ ቡድን ጋር ያጋጥማሉ። ቀን የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሲመረምር የሚውል የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የልጅ አባት፣ ቤቱ ሲገባ የሚያስተዳድረው እነሱን ነው።

የተጋባን ሰሞን በጣም ያናድደኝ ነበር። «ያገባኸው እኔን ነው ወይስ እነሱን?» እለዋለሁ። «አንቺማ ሰባተኛ ነሽ» ይለኛል። ሳቄ ይመጣና ንዴቴ ይበርዳል። እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚያው የማስተምር ሴት ነኝ፤ ምላሴም አጭር አይደለም። ለዚህ ሰው ግን ሳቅ ይቀድመኛል።

ከስድስቱ አምስቱን ያዋጋቸዋል። ስድስተኛውን አያዋጋውም፤ ግን አይለቀውም፣ ወደ ማከማቻውም አይመልሰውም። ጀርባው ድንጋይ የለበሰ፣ ባለ ሁለት ቀንድ፣ ኮርማ መሳይ ፍጥረት ነው። ስሙ «አልከፋኝም» ነው። ስሙን ያወጣለት ግን እሱባለው አይደለም።

እሱባለው የታች ጋይንት ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ከቤተሰቡ ወጥቶ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ቤት ተከራየ። እንደ ማንኛውም የገጠር ተማሪ ብቻውን አልተከራየም፤ የጎረቤት ቀበሌ ልጅ የሆነው አበባው አብሮት ነበር። ስንቃቸው አንድ፣ ፍራሻቸው አንድ፣ ብርድ ልብሳቸው አንድ። ስልክ ግን ሁለት ነበራቸው፤ የእሱባለው ታላቅ ወንድሙ የተወለት፣ የአበባው ደግሞ አጎቱ ከመተማ ያመጣለት። ጌሙን ያስጫኑት ከአንድ የስልክ ጠጋኝ ዘንድ ነው።

ይህ ጌም በሁለት መልክ የተሠራ ነው። በአንደኛው የሚገኘው አውሬ በሌላኛው አይገኝም። አንዳንዱ አውሬ ደግሞ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢደክምበት አይጎለምስም፤ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ሲዛወር ብቻ ነው በአንድ ጊዜ አድጎ ሙሉ የሚሆነው። ስለዚህ ብቻውን የሚጫወት ሰው የፈለገውን ቢያደርግ ሁሉንም አይሰበስብም። ልጆቹ ተመካከሩና አንዱን መልክ እሱባለው፣ ሌላውን አበባው ጫኑ።

«ይኸማ መቀናጆ ነው» አለ አበባው።

እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ቃሉ በደንብ የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ እንደሱው አንድ በሬ ብቻ ካለው ገበሬ ጋር ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። አማቴ ወይዘሮ ወለተ ማርያም እንደሚሉት አንድ በሬ ለብቻው ሥጋ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። መቀናጆ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በጠብ አይደለም። አንደኛው ይሳካለትና ሁለተኛ በሬ ይገዛል። ሌላው አንድ በሬውን እያየ ይቀራል፤ ማሳውም ጦሙን ያድራል። የገዛው ሰው አልበደለም፣ ማንም አይወቅሰውም። የቀረው ግን ያውቀዋል።

ሁለቱ ልጆች በአጨዋወታቸው አይመሳሰሉም ነበር። እሱባለው ጉልበተኛ ጉልበተኛውን እየመረጠ ይይዛል። አበባው ማንም የማይፈልገውን ቀጫጫ አውሬ ያነሣና «ቆይ፣ ይኸ ገና ወይፈን ነው» እያለ ያሳድጋል። ለየአንዳንዱም የበሬ ስም ያወጣል፤ ጎራው፣ ዳልቻ፣ ቡሬ። ጌሙ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። አውሬው ወደ ሌላ ሰው ከተዛወረ በኋላ ያ ስም አይለወጥም። መጀመሪያ ያሳደገው ሰው ስምም ከሥሩ ተጽፎ ይኖራል፤ አይፋቅም። ታዲያ በሰው እጅ ያደገ አውሬ አንዳንዴ ኩራት አለበት፤ አዲሱን ጌታውን እምቢ ይላል።

ትምህርት ሲያልቅ መንገዳቸው ተለየ። እሱባለው ለኮሌጅ ደብረ ታቦር ሄደ፣ ከዚያም ሥራ መካነ ኢየሱስ አገኘ። የአበባው አባት ታመሙና እሱ ወደ እርፉ ተመለሰ። መቀናጆው ግን አልፈረሰም። እሱባለው ለእረፍት አገሩ በገባ ቁጥር አርብ ቀን እዚያው አርብ ገበያ ይገናኛሉ። አበባው ገብስ በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ገብሱን ይሸጥና ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስልክ ለስልክ ይለዋወጣሉ።

በመጨረሻ የቀሩት ሁለት አውሬዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ በአበባው በኩል፣ አንዱ በእሱባለው በኩል። እኩል ካደጉ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲለዋወጡ ነው ሁለቱም የሚጎለምሱት። ለመስቀል ሊለዋወጡ ቃል ተገባቡ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ያልቃል፤ ሁለቱም አብረው ይጨርሳሉ።

በዚያው ዓመት ተጋባን። እኔ አዲስ ስልክ ያዝኩና አሮጌውን ሰጠሁት፤ የእኔን እየነካካ ስላስቸገረኝ ነው። ምን እንደሚያደርግበት አላሰብኩም። የአበባውን መልክ ጫነበት። በግራ እጁ አንዱን፣ በቀኝ እጁ ሌላውን ይዞ ከራሱ ጋር መለዋወጥ ጀመረ። ክረምቱ ሳያልቅ ጨረሰ። «ጨረስኩ!» ብሎ ከአልጋው ሲነሣ ቤት የተቃጠለ መስሎኝ ነበር።

ለመስቀል ጋይንት ሄድን። አበባውን መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው።

«ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምህ! እኅቴ፣ ደህና ናችሁ?» አለና ሳይቀመጥ ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ አወጣ። «ደርሷል። ክረምቱን ሙሉ እሱን ሳሳድግ ነው የከረምሁ። ሶላሩ ደመና በሆነ ቁጥር እምቢ እያለኝ፣ ቻርጅ ፍለጋ ማዶ ድረስ እየተሻገርሁ። በል ያንተን አውጣ።»

«እሱን እኮ ጨረስሁት!» አለ እሱባለው። ሁለቱንም ስልኮች አወጣ። «እየው፣ በዚህ ያንተን ጭኜ ከራሴው ጋር ተለዋወጥሁ። ሁሉም ሞላ። ተአምር አይደለም?»

አበባው ሁለቱን ስልኮች ተራ በተራ አየ።

«እሰይ» አለ። «እንኳን ደስ ያለህ። በሬ ገዛህ በለኛ።»

እሱባለው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ለማንኛውም ላንተ ብዬ ያሳደግሁት ነው፤ ውሰደው። እስቲ ቆይ» አለና ጎንበስ ብሎ ስልኩን ትንሽ ነካካ። ከዚያ ላከለት። ጌሙ ያለ ልዋጭ አያሳልፍምና እሱባለው በምላሹ ከማከማቻው ውስጥ እጁ ላይ የመጣለትን አንድ ትል መሳይ ነገር ላከ። ትል! ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያናድደኛል። አበባው አመስግኖ ስልኩን በፌስታሉ ጠቀለለና አህያውን ነድቶ ሄደ።

ወደ አማቶቼ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ አረፍ አልን። እሱባለው አዲሱን አውሬ ሊያየው ስልኩን ከፈተ። ቀድሞ ጎራው ይባል የነበረው ኮርማ ስሙ ተለውጧል፤ «አልከፋኝም»።

በእኛ አገር ሰው ፊት ለፊት መናገር ያቃተውን በውሻው ስም ይናገራል። ጎረቤቱ ያስቀየመው ሰው ቡችላ ያመጣና «ተው ቻለው» ብሎ ስም ያወጣለታል። ከዚያ ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ «ተው ቻለው! ተው ቻለው!» እያለ ይጣራል። ውሻው እንጀራ የተጠራ ይመስለዋል፤ ጎረቤቱ ግን ለማን እንደተባለ አይጠፋውም። እሱባለው ስሙን አንብቦ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ከፊቴ ቀደመ።

ማታ እናቱ የቀረውን ነገሩን።

«አበባው ዘንድሮ አልሆነለትም፣ ልጄ» አሉ። «የሚቀናጀው ሰውዬ፣ አዲሱ፣ በግንቦት ሁለተኛ በሬ ገዛና መቀናጆውን ተወው። እርሻው በጠናበት ሰዓት ከማን ይቀናጅ? መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠና የምርቱ ግማሽ ቀረበት። አልነገረህም?»

አልነገረውም። እሱባለውም እርሻው እንዴት እንደከረመ አልጠየቀውም።

በማግሥቱ ወደ አበባው ቤት መሄድ ነበረበት። መንገዱ የአንድ ጥዋት ነው። እሱ ግን አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ምክንያት አያጣም። «ለገና ስመጣ» አለ። የዚያን ገና እኔ እርጉዝ ነበርኩ፤ ለከርሞው ልጃችን ታመመች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ፤ መንገዱን አመካኘ። መንገዱ ሲከፈት ሥራውን አመካኘ። እኔ «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ሰለቸኝ።

«ሂድና ይቅርታ በለው!»

«ምን ብዬ? በጌም ሰው ይቅርታ ይጠየቃል?»

«በጌም ሰው አስቀይመህ የለ?»

ይህን ስለው ስልኩን ያነሣል። አንድ ሁለት ጊዜ አውሬውን ጦርነት ላይ አሰለፈው። ጌሙ የሆነውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል፤ በአማርኛ ሲመለስ፣ «አልከፋኝም አልታዘዝ አለ። አልከፋኝም ፊቱን አዞረ። አልከፋኝም ተኛ።» መጀመሪያ እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ ግን ስልኩን ዘግቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ተከትዬው ስወጣ አጥሩን ይዞ ቆሟል። «ከእሱ ጋር እንደተደሰትኩት ከማንም ጋር ተደስቼ አላውቅም» አለኝ። ስለ አውሬው እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አላሰለፈውም።

በመጨረሻ ባለፈው ጥር አርብ ገበያ ሄድን። አሮጌውን ስልኬን ጠርጎ፣ የአበባውን መልክ ከመጀመሪያው እንዲጀምር አድርጎ ጭኖበት፣ ቻርጅ ሞልቶ ይዞታል። መኪና ላይ የሚለውን በከንፈሩ ሲለማመድ አየሁት።

አበባው እንደወትሮው ገብሱን ሸጦ አህያውን ሊፈታ ሲል አገኘነው። ተቃቀፉ። ወፍራም ሆኗል፤ ፊቱ ጥሩ ነው።

«ይኸ ያንተ ነው» አለ እሱባለው ስልኩን እየዘረጋ። «እኔም የኔን አጠፋዋለሁ። ከወይፈን እንጀምር፤ እንቀናጅ።»

አበባው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ሰጠው።

«ጊዜ የለኝም፣ ወንድምዓለም። የኔንም ስልክ ሸጬ በሬ ላይ ጨመርሁት። አሁን ጥማዴ ሙሉ ነው።» ይህን ሲል ፊቱ በራ። «መቀናጆ አልሻም፤ ተመስገን።»

«እነ ዳልቻስ? እነ ቡሬ?»

«አብረው ሄዱ እንጂ። አንተ ዘንድ ያለው ብቻ ነው የቀረው። አለ?»

«አለ።»

«ይታዘዝሃል?»

«አይታዘዝም።»

«ጎሽ!» ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑ ጠፋ። እሱባለው ግን አልሳቀም።

«አበባው፣ ያኔ ከፍቶህ ነበር አይደል?»

«ከፍቶኝ ነበር እንጂ። ያልከፋው ሰው አልከፋኝም ብሎ ስም ያወጣል? ስሙን ሲያየው ይመጣል ብዬ ስንቱን አርብ ስልኬን ሞልቼ ወፍጮ ቤቱ ሥር ተቀምጫለሁ።»

«አሁንስ?»

አበባው ባዶውን ስልቻ አጥፎ አህያው ላይ አኖረ። ትንሽ አሰበ፤ የእውነቱን ሊነግረው ፈልጎ ነው።

«አሁንማ አልከፋኝም» አለ። «በሉ፣ በዚህ ስታልፉ ቤት ብቅ በሉ።»

ገበያ ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እንደሚለው ነው ያለው። ደህና ዋሉ ብሎን ሄደ።

መኪና ላይ እሱባለው ሁለቱን ስልኮች ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። እንባው ይወርዳል። «ይቅር አለህ እኮ!» አልኩት። «ሰውዬው ምንም ቂም የለውም። ምን ያስለቅስሃል?»

«የሄድኩት መከፋቱ ካለቀ በኋላ ነው» አለኝ። «ከፍቶት ሳለ መሄድ ነበረብኝ። ያኔ ይጠብቀኝ ነበር።»