የበልግ እንጉዳዮች

ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ ሳፈስ ሽታው እጄን ያስቆመዋል። በደርግ ጊዜ ሲቀላ ገበያ አጠገብ በነበረች ፎቶ ቤት፣ ፎቶ የምናጥብባት ጨለማ ክፍል የምትሸተው እንዲህ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስፈልግ የቀጠረኝ ባለ ፎቶ ቤቱ ነው። በዕድሜ ብዙም ባይበልጠኝም ጋሼ እለው ነበር።

በሥራ ቀን የምናነሳው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ይቀመጣል። በልግ ሲገባ ግን እሁድ ጠዋት ከከተማው በታች ምንጮች ወደሚፈልቁበት ጫካ እንወርዳለን። ዝናብ ባደረ ቁጥር የወደቀው የሾላ ግንድ ላይ እንጉዳይ ይፈላል። አንድ እሁድ ጋሼ፣ ትንሹን ነገር እንዲያጎላ፣ የካሜራውን ሌንስ ፈታና ገልብጦ ካሜራው አፍ ላይ በእጁ ደገፈው።

"ትንፋሽሽን ያዢ፤ ከተነፈስሽ ይደበዝዛል" አለኝ።

በሆዴ ተኝቼ፣ እርጥብ ቅጠል አገጬን እየነካኝ፣ በካሜራው ከሥር ወደ ላይ አየሁ። እንጉዳይ የሚባል ነገር አልነበረም። ስስ ግድግዳዎች፣ በመካከላቸው ብርሃን። ከዚያ ቀን በኋላ የእሁድ ካሜራ የእኔ ሆነ።

ካነሳኋቸው አንዱን ጋሼ በትልቁ አጥቦ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያየዋል። አንዲት የዶርዜ ነጋዴ "ይሄ የምን ጨርቅ ነው?" ብላ ጠየቀች። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልጠየቀም። "የአውሮፕላን ማረፊያው ካርታ ነው" ብሎ ጋሼን በአብዮት ጠባቂ አስወሰደው።

ጋሼ እየተገፈተረ ሲወጣ "እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ እሷ አታውቅም" አለ።

እናቴ "ልጄ፣ ከቤት አትውጪ፤ እንጸልያለን" አለችኝ። ዓይኗን ስትጨፍን ወጣሁ። ጫካ ወርጄ እንጉዳይ ያበቀለ ቅርፊት ቆረጥኩና በነጠላዬ ሸፍኜ ቀበሌ ገባሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያነሳሁትም ይሄንን ነው" አልኩና ቅርፊቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከእሁዱ ካሜራ የፈታሁትን ሌንስ አቀበልኩት።

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌንሱ አየ። ብዙ ቆየ።

"ውስጡ እንዲህ ሰፊ ነው?" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ወዲያው ድምፁን አጠነከረ። "ለአብዮቱ ምን ይጠቅማል? ከዛሬ ጀምሮ ሰው ብቻ አንሱ!"

ጋሼን ለቀቁት። ሌንሱ እዚያው ቀረ። የጋሼ ጉንጭ አብጦ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለኝ "ለምን መጣሽ?" ብቻ ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ወንድሙ ዘንድ ጅማ ሊሄድ ተነሳ። በሚሄድበት ጠዋት ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እስከዚያ ቀን እኔን አንስቶኝ አያውቅም።

"ጉርድ ነው?" አልኩት።

"አይደለም።"

እንደማንኛውም ደንበኛ አገጬን በሁለት ጣቱ ቀና አደረገው። ጣቶቹ ግን ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ስቱዲዮው ውስጥ ወደነበረው አሮጌ ካሜራ ተመለሰ።

"ሌንሱን እዪ። አጥቤ እልክልሻለሁ።"

ፎቶው አልመጣም። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሁን ወይስ እሱ ራሱ የሆነ ነገር ሆኖ፣ የነገረኝ ሰው የለም። ፎቶው የትም ይሁን የት፣ እያየሁ የተነሳሁት ሌንሱን አይደለም፤ ከሌንሱ በላይ ያለውን የእሱን ፊት ነው።