ትርፉ ገመድ

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ይሮጣል፤ እጅሽ ግን ይጎተታል።»

ይህን ያሉኝ የሙሽራዋ እናት ናቸው። ሐይቅ ከተማ፣ የምሠራበት ፎቶ ቤት በር ላይ ቆመው፣ ጥላቸውን እንኳ ሳያጥፉ። መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ግን ሴትዮዋ እውነታቸውን ነበር። የልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ ይደርሳል ያልንበት ቀን አልፏል፤ ቪዲዮው ያለበት ኮምፒውተርም ጠረጴዛው ላይ ሆዱን ከፍቶ ተጋድሟል።

«እማማ፣ ዕቃ እየጠበቅን ነው» አልኳቸው።

«እኔ ዕቃችሁን ምን አደርገዋለሁ? ሰውዬው ዓይኑ እየሄደበት ነው።»

ሰውዬው ባለቤታቸው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ሰርጉ ሲቃረብ እግራቸው ቆስሎ ደሴ ሐኪም ቤት ተኙ። ድንኳኑ ተጥሎ፣ በሬው ተገዝቶ፣ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ስለነበር ቀኑን መግፋት አልተቻለም። ኒካሕ ሲታሰር የሙሽራውን እጅ ጨብጦ ልጁን የሚሰጠው አባት ነው። እሳቸው ግን ወንድማቸውን ወኪል አድርገው አልጋ ላይ ዋሉ። አሁን ውጫሌ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ሐኪሙ ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው ያንን መጨባበጥ ማየት። አንድ ዘመድ በስልክ ቀርጾት ነበር፤ የሚታየው ግን የሰው ጀርባና የአንድ ሽማግሌ ጥምጣም ብቻ ነው።

የእኛ ኮምፒውተር የተበላሸው መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ተቃጠለ። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው እሱ ነው፤ የእኛ ማሽን ያለ እሱ ቢነሳም ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቪዲዮው ውስጥ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ በሰላም ተቀምጧል። እኛ ግን ልናየው አንችልም። የካሜራዎቹን ሜሞሪ ደግሞ አጥፍተነዋል። ከረመዳን በፊት ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፤ አንዱን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠን፣ ሜሞሪውን አጽድተን፣ ወደሚቀጥለው ድንኳን መሮጥ ነው ሥራችን።

አለቃዬ አዲስ ካርድ ከደሴ ይዞ መጣ። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ክንድ የሚያህል። ቢስሚላህ ብሎ ከካርቶኑ አወጣውና ቦታው ላይ ሰካነው። ጣጣው የጀመረው ከዚያ ነው። አሮጌው ካርድ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ለማሽኑ ሁሉ ኃይል ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ በሚመጣ ባለ ስድስት ቀዳዳ ገመድ ነበር። አዲሱ ስምንት ይፈልጋል።

«ስምንት አለን» አለ አለቃዬ። ከሳጥኑ ጥግ በላስቲክ ታስሮ የኖረ ትርፍ ገመድ መዘዘ። እውነትም ስምንት ቀዳዳ። ግን መንታው ገመድ ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ተሰክቷል፤ ሁለቱም የተሠሩት ለዚያ እንጂ ለካርድ አይመስሉም። ሊሰካው ሞከረ፤ አልገባም አለ። የቀዳዳዎቹ ቁጥር እኩል ይሁን እንጂ ቅርጻቸው ይለያል፤ አንዱ ጋ ካሬ የሆነው ሌላው ጋ ጥጉ የተቆረጠ ነው።

ካርዱን ለሸጠልን የደሴ ነጋዴ ደወልኩ።

«ፓወር ሰፕላይሽ ስንት ዋት ነው፣ እህቴ?»

«ላዩ ላይ አምስት መቶ ይላል።»

«ላዩ ላይማ ሁሉም ይላል» ብሎ ሳቀ። «ለካርድ ተብሎ የመጣ ባለ ስምንት ገመድ አለው?»

«ስምንት አለ። ግን የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው።»

«እሱን እንዳትነኪው! ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተገላቢጦሽ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩት። እኔ ጋ አሁን የለም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ።»

ድምፁን ከፍቼው ስለነበር አለቃዬም ሰማ።

«ሰማሽው አይደል? ሌላ ዕቃ ሊሸጥልን ነው።»

«እውነቱን ቢሆንስ?»

«ነጋዴ እኮ ነው፣ እታለም። ካርድ ስትገዢ ፓወር ይልሻል፣ ፓወር ስትገዢ ስክሪን ይልሻል። እኔ ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ።»

ምላጭ አወጣ። እኛ ቤት ምላጭ መሣሪያ ነው። የማይክ ጫፍ፣ የቻርጀር አፍ፣ የባትሪ ክዳን፣ አልገባ ያለ ሁሉ ተፍቆ ይገባል፤ ገብቶም ይሠራል። ደሴ ሄዶ ትክክለኛውን የሚፈልግ የለም። እኔም ስንቱን ፍቄ አስገብቻለሁ። ስለዚህ ምላጩ አላስደነገጠኝም፤ ያስደነገጠኝ ዲስኩ እዚያው ውስጥ፣ ከዚያው ፓወር ሰፕላይ ጋር እንደተያያዘ መሆኑ ነው።

«ቢያንስ ሃርድ ዲስኩን እናውጣ» አልኩት። «ማዶ ወዳለው ፎቶ ቤት ወስጄ ኒካሑን ብቻ ፍላሽ ላይ ልገልብጥ።»

«ለእሱ? ሥራዬን? ነገ የራሱ አስመስሎ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል።»

«አጠገቡ ቆሜ እገለብጣለሁ።»

«አንቺን በወሬ ይዞ ሁለት ሰርግ ይገለብጣል።»

«እሺ የትም አልወስደውም። አውጥተን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠው፤ ካርዱን ያለ ዲስክ እንሞክረው።»

«ምን ሟርተኛ ነሽ! ይልቅ መብራት ያዥልኝ።»

እጄን ወደ ሳጥኑ ሰደድኩ፤ በክርኑ መለሰኝ። ሱቁ የእሱ፣ ማሽኑ የእሱ፣ እኔ ቅጥረኛ። ጮህኩበት። እየጮህኩም የስልኬን መብራት ያዝኩለት። የፕላስቲኩ ፍቅፋቂ ማዘርቦርዱ ላይ ወደቀ፤ እፍ ብሎ አበረረው። ገመዱን በአውራ ጣቱ ገፋው። ቀጭ አለ።

«አየሽ?» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያዎቹ አንዴ ነቅነቅ አሉ፤ ወዲያው ከፓወር ሰፕላዩ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን።

«ያ አላህ» አለ።

ያኔ ዲስኩን አወጣሁት። ማንም አልከለከለኝም። ማዶ ፎቶ ቤት ወሰድኩት፤ ባለቤቱ በራሱ ማሽን ሞከረው፣ ገመድ ቀይሮ ሞከረው፣ በመጨረሻ ጆሮው ላይ አስጠጋው። «አይዞርም» አለ። «ሞቶ ነው የመጣው፣ እህቴ።» አለቃዬን በቀልድ ሳይወጋ የማይውለው ሰው ያን ቀን አንድም ቀልድ አልወጣውም። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የባሰብኝ።

አለቃዬ ዲስኩን አዲስ አበባ ላለ ጠጋኝ ላከው። ጠጋኙም ተስፋ አታድርጉ አለ። ከዚያ አለቃዬ ስልኩን አጥፍቶ፣ ካሜራውን ይዞ ወደ ቅዳሜው ሰርግ ሄደ። የእኔ ስልክ ግን ክፍት ነበር።

«አለቀ?» አሉኝ እናትየው።

«በስልክ አይሆንም፣ እማማ። እመጣለሁ።»

ውጫሌ ስደርስ ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ነበር። ቪዲዮውን ይዤ የመጣሁ መስሏቸዋል። የቴሌቪዥኑ ልብስ ተነሥቷል፤ ተከፍቶ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃል። አባትየው የታሰረ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው፣ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን እስኪነካ ተጠግተው ተቀምጠዋል።

«መርሐባ በሏት፣ ቦታ ልቀቁላት። እንዲህ ካልተጠጋሁ አይታየኝም፤ እንዳትስቂብኝ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ አላመጣሁም» አልኩ። እንደቆምኩ ነው የተናገርኩት። ኮምፒውተሩ እንደተቃጠለ፣ ቪዲዮውም አብሮ እንደሄደ። የገመዱን ነገር ጀምሬ ተውኩት፤ ስድስትና ስምንት ለእሳቸው ምናቸው ነው?

እናትየው ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተሳደቡም። አንድ ጎረቤት «የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። የአላህ አይደለም፣ የምላጭ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

አባትየው ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አላዞሩም።

«አንቺ ሰርጉ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ ንገሪኝ። ወንድሜ እጁን ሲጨብጠው ሙሽራው ቀና ብሎ አየው? ወይስ አቀርቅሮ ነበር?»

«እኔ ሴቶቹ ጋ ነበርኩ፣ አባባ። የወንዶቹን የቀረጸው አለቃዬ ነው።»

«ኋላ ኮምፒውተሩ ላይስ?»

«ገና ልጀምረው ስል ነው የተበላሸው።»

«ልጄንስ? እሷን አይተሻታል» አሉ።

«አይቻታለሁ። ሂናዋ እስከ ክርኗ ነበር። ስታለቅስ ኩሏ እንዳይፈስ ሚዜዋ በሶፍት ትይዝላት ነበር።»

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ሌላስ?»

ሌላ አልነበረኝም። ከዚያ ሰርግ ወዲህ ብዙ ሙሽራ ቀርጫለሁ፤ የአንዷ ቀሚስ ከሌላዋ ተደባልቆብኛል። ያ ሂና ራሱ የእሳቸው ልጅ ይሁን የሌላ ሰው ልጅ እርግጠኛ አልነበርኩም። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

እናትየው ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ሻይ ጠጪ» አሉኝ።

«መኪና ያመልጠኛል፣ እማማ።»

በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የራሴን ፈልጌ አጠለቅሁ። ግቢውን አቋርጬ ወጣሁና የሐይቅ ሚኒባስ ወደሚቆምበት ወረድኩ።