የእታለም አስካለ ማመልከቻ

በ1959 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዓመቱን የማልረሳው ማንበብ የቻልኩበት ስለሆነ ነው። ባልቻልኩ ይሻለኝ ነበር።

ያንን ዘመን የቀሰቀሰብኝ የወረቀት ሽታ ነው። ባለፈው ወር ልጄ፣ «አባባ፣ እስቲ ቤቴል ሄደህ የልጅቷን ውጤት ጠይቅልኝ፤ እየደበቀችኝ ነው» ብሎ የልጅ ልጄ ወደምትማርበት ኮሌጅ ላከኝ። መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ገና ለጋ ልጅ ናት። «ይቅርታ አባባ፣ እሷ ካልፈቀደች እንኳን ለእርስዎ ለወለዳትም አንሰጥም» አለችኝ። ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ የተደረደረው አሮጌ ፋይል፣ ክረምት የገባበት ወረቀት የሚሸተውን ይሸታል። ልጄ ስነግረው፣ «አባቷ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን የመዝገብ ቤቷን ልጅ መርቄያት ነው የወጣሁት። ለምን እንደመረቅኳት ለእሱ አልነገርኩትም።

እታለም አስካለ ጎረቤታችን ነበረች። ከአክስቷ ጋር ትኖራለች፤ ለአስተማሪነት ኮሌጅ ገብታ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ያኔ ከሰፈራችን ከኮልፌ ወደ ኮሌጅ የገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሴት ደግሞ እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ጭቃውን እየመረጠች ስትመጣ ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳላታል።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩን ልጆች በአክስቷ ግቢ ሰብስባ በነፃ ታስተምረናለች። ሰሌዳችን በከሰል የጠቆረ የበርሜል ክዳን ነው። ጽሑፏን የትም ባየው አልስተውም፤ «ሰ»ን ስትጽፍ አንደኛውን እግር አስረዝማ ወደ ውስጥ ትቆለምመዋለች። ስናነብ በለሆሳስ አትወድም። «ጮክ በል! መንገድ ላይ ያለ ሰው ይስማህ» ትላለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ይህን የምጽፍባት ፊደል የእሷ ናት።

እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥራ ብቻዋን ወደ ማዶ ትሄዳለች። አባቷ ሞቷል ተብሏል፤ ምግቡን ለነዳያን ትወስዳለች ይባላል። ማንም ከዚያ አልፎ አልጠየቀም።

ባለሱቃችን ጋሼ ሀብቴ ፊደል አልቆጠሩም። ስኳሩንም ጨውንም የሚጠቀልሉት በአሮጌ ወረቀት ነው፤ በኪሎ ከየቦታው ይገዛሉ። በዚያ ሰሞን ከአንድ ኮሌጅ ተላላኪ አንድ ጆንያ ወረቀት ገዝተው ነበር። ለእሳቸው ወረቀት ወረቀት ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ እናቴ ስኳር ላከችኝ። ሱቁ በር ላይ ሦስት አራት ሴቶች ቆመዋል፤ ሁለት ልጆቿ ከእኔ ጋር የሚማሩት እማማ ደብሪቱም አለች። ጋሼ ሀብቴ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ያ የ«ሰ» እግር ታየኝ።

«የእታለም ጽሑፍ ነው!» አልኩ።

«እስቲ እኛ ደናቁርት እንስማው፣ ሊቁ» አለች እማማ ደብሪቱ እየሳቀች።

ጥቅሉን እያዞርኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እሷ እንዳስተማረችኝ አነበብኩ። ኮሌጅ ስትገባ የጻፈችው ማመልከቻ ነው። «አባቴ በሕይወት አሉ። የሥጋ ደዌ ታመው በሕሙማን ሰፈር ስለሚኖሩ ሊረዱኝ አይችሉም» ይላል። ሴቶቹ ጸጥ አሉ። አነባበቤ ደንቋቸው መሰለኝና ድምፄን ጨመርኩ። «ይህ ነገሬ ከሌላ ሰው ጆሮ እንዳይደርስብኝ በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን ጭምር አንድም ሳላስቀር ጨረስኩት።

ጋሼ ሀብቴ ጥቅሉን ሲነጥቁኝ ስኳሩ መሬት ፈሰሰ። «ዝም በል አንተ!» አሉ። ምን ዋጋ አለው። እማማ ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እግዚኦ! ልጆቼ በእሷ ጠመኔ ነው እኮ የሚጽፉት!» ብላ እየሮጠች ሄደች።

ቅዳሜ ማንም ልጅ አልመጣላትም። እኔም አልሄድኩም፤ እናቴ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። እታለም የበርሜል ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስትጠብቅ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። እስኪመሽ አላነሳችውም።

ሲመሽ ወደ ቤታችን መጣች። ደፉን አልተሻገረችም፤ እናቴም ግቢ አላለቻትም። «ማነው ያነበበው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ሁሉንም?»

«አዎ፣ እታለም።»

«ሳትሳሳት?»

«ሳልሳሳት።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ራሴን ልትዳብሰኝ እጇን ዘረጋችና እናቴን አየት አድርጋ መለሰችው።

በዚያው ሳምንት ከኮልፌ ወጣች፤ ዳግመኛም አላየኋት። አንዳንዱ ኮሌጁን ጨርሳ ክፍለ ሀገር አስተማሪ ሆነች ይላል፤ ሌላው ትታው ከአባቷ ጋር ኖረች ይላል። እኔ ጠይቄ አላውቅም። አንዴ ያለ ፈቃዷ ያወቅኩባት ይበቃኛል።

ደጃችን በመጣች በማግስቱ ጠዋት ግን ሱቁ ሳይከፈት ጋሼ ሀብቴ በር ላይ ነበርኩ። «ያንን ጆንያ ያውጡት» አልኳቸው። ጓሮ ወስደው ዘረገፉት፤ እሳትም አነደዱ። ቁጭ ብዬ የሰው ስም ያለበትን ለብቻ፣ የሌለበትን ለብቻ መለየት ጀመርኩ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ሀብቴ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ክራባት ያሰረ ልጅ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት አንድ ወረቀት አንስተው ብዙ አዩት።

«ይሄስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ለእርስዎ አልተጻፈም» ብዬ ከእጃቸው ተቀበልኩና እሳቱ ውስጥ ከተትኩት።