አሌፍ ያልሁ ቀን

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ አስተምር ነበር። ማስተማሪያው መጽሐፍ ስለ ፊንቄያውያን ያለው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የባሪያ ሥርዓት ነጋዴዎች ነበሩ፣ ዝግባና ሐምራዊ ጨርቅ በመርከብ እያዞሩ ይሸጡ ነበር፣ ሃያ ሁለት ፊደልም ለዓለም አወረሱ ይላል። ፈተና ላይ የሚመጣው ግን የባሪያ ሥርዓቱ ነው።

ይህን ምዕራፍ በማስተምርበት ሰሞን ካድሬው ክፍል ገብቶ ሊገመግመኝ ነው ተባለ። ግምገማው የከፋበት መምህር ጓዙን ጠቅልሎ ወደማያውቀው አገር ይላካል። ለእኔ ደግሞ ክፉ ጊዜ ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ደብራቸው ለሕክምና እኔ ዘንድ መጥተው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እኔ ከሄድሁ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው የለም።

አባቴ የንባብ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ሰብስበው ዳዊት ሲያስደግሙ ኖረዋል፤ ከክፍሌ ሲሶው የእሳቸው ተማሪ የነበረ ነው። ትምህርቱን ጮክ ብዬ ስዘጋጅ ሰሙኝ።

«የጢሮስና የሲዶና ሰዎች አይደሉም እንዴ? ለሰሎሞን ዝግባ በባሕር ያመጡለት?»

«እነሱው ናቸው።»

«ታዲያ ፊደላቸውን ከፈረንጅ መጽሐፍ መፈለግ ምን ያስፈልግሃል? ዳዊት ላይ አለልህ አይደል!» ብለው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያሉ በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ ታው አወረዱልኝ።

ዳዊት ውስጥ ያለው የአንዱ ረጅም መዝሙር ክፍሎች አርእስት ናቸው። ልጅ ሆኜ እኔም በቃሌ እላቸው ነበር፤ ከፊንቄዎቹ ፊደል ጋር ስማቸው አንድ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ ሰውን ያጃጅላል።

በማግሥቱ ካድሬው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሰሌዳው ላይ የበሬ ራስ ሣልሁና አሌፍ በሬ ነው አልሁ፤ ለቤት ቤት፣ ለሜም የውኃ ሞገድ ሣልሁ። ነገሩ ሲያምርልኝ ጊዜ «እስቲ ከአሌፍ ጀምራችሁ በሏቸው» ብዬ፣ ያውም በአባቴ ዜማ ጀመርሁላቸው።

የንባብ ተማሪ አርእስቱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይችልም፤ እንዲያ አድርጎ አልተማረውማ። አሌፍ ካለ የአሌፍን መዝሙር ይቀጥላል፤ ከዚያ ቤትን፣ ከዚያ ጋሜልን። ይህን እኔ የመምህር ልጅ መርሳት አልነበረብኝም። ሲሶው ክፍል በግዕዝ ለቀቀው። እጄን ባወዛውዝ፣ ሰሌዳውን ብደበድብ ማን ሰምቶኝ! የቆሙት ዳሌጥን ከጨረሱ በኋላ ነው።

ካድሬው ብድግ አለ። «ጓድ መምህር፣ ይህን ማን አስተማራቸው?»

ልጆቹ ሁሉ አዩኝ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ያውቃሉ።

«አላውቅም» አልሁ። «ከየቤታቸው ያመጡት ይሆናል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካድሬው ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና ቀጥል አለኝ። ደወል እስኪደወል ስለ ባሪያ ሥርዓት አወራሁ፤ ልጆቹም አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ግምገማው ደህና ሆነልኝ፤ አልተዛወርሁም።

ቤት ስደርስ ተማሪዎቼ የኔታን ሊጠይቁ መጥተው ሄደዋል። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አላውቅም አልህ አሉ።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው አባቴ። ቢያዛውሩኝ ማን ይመራዎታል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭራሽ አልተቆጡም።

«እኔም ሐኪም ቤት ሥራዎ ምንድን ነው ቢሉኝ ገበሬ ነኝ አልሁ። ጥምጥሜንም እዚህ ትቼው ነው የሄድሁ። የካህን ልጅ ነው ብለው አንተን እንዳይነኩብኝ።»

እጃቸውን ሳምሁ። እውነቱን ለመናገር ካድሬው ሲጠይቀኝ የአባቴ ዓይን ትዝም አላለኝ፤ የፈራሁት ለራሴ ነበር። ይህን ሳልነግራቸው አረፉ።