ሩሲያኛዬና የእንጦጦ ጸበል

በደርግ ጊዜ ነው። ሞስኮ ሄጄ እንድማር ዕድል ደረሰኝ። እዚያ ስደርስ አፌን ዘግቼ አልቆምም ብዬ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ቤታችን ክፍሌን ዘግቼ የሩሲያኛ ሰላምታ ማነብነብ ጀመርኩ። ቃሉ አልያዝ ሲለኝ ደግሞ እጮህበታለሁ። ለካ እናቴ ከበሩ ውጭ ሆና ትሰማኝ ኖሯል።

አንድ ማለዳ "ልጄ፣ ለመንገድህ ጸበል ትጠመቃለህ፤ ተነሥ" አለችኝና እንጦጦ ዳገት ይዛኝ ወጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሸሚዜን አስወልቀው ካቆሙኝ በኋላ አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ተጭነው "ማነህ? ስምህን ተናገር!" ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ።

"አባቴ፣ እኔ ምንም የለብኝም! ቋንቋ እያጠናሁ ነው።"

"የምን ቋንቋ?"

"የሩሲያ። ለምሳሌ 'ዝድራስትቩይቴ' ማለት..."

"ይኸው! ይኸው ጮኸ አባቴ!" አለች እናቴ።

ቄሱ አንድ ባልዲ ውሃ አናቴ ላይ ቸለሱብኝ።

"ኧረ ሰላምታ ነው! 'ዝድራስትቩይቴ' ሲሉ ጤና ይስጥልኝ ማለታቸው..."

ሌላ ባልዲ። እኔ ላስረዳ፣ እሳቸው ሊያስለቅቁ፣ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ተያያዝነው። ደክሞኝ ዝም ስል "ለቀቀው" ተባለ፤ እናቴ እልል አለች።

ሞስኮ ደረስኩ። አየር ማረፊያው ውስጥ ፓስፖርት የምታየዋ ሴት ቀና ብላ "ዝድራስትቩይቴ" አለችኝ። መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው! ሳላስበው ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ የኮቴን ቁልፍ መፍታት ጀምሬ ነበር።